ላሞቻችንን ከፀሐይ ላስጠለሉልን ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማ ገጽታና ደንብ ማስከበር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ይህ ሙቀት ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉን በሚያንገላታበት ወቅት፣ እርስዎን የመሰለ ሥራ የበዛበት ሰው ራሱን እንዳያመው፣ ላብ የሸሚዙን ኮሌታ እንዳያበሰብስበት፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ የተገጠመው ማቀዝቀዣም በድምፁ አሳብዎን እንዳይበትንብዎት ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ነገር ከጠየቁ፣ በሕይወት አለሁ። የግራ እጄ ሦስት ጣቶች በጀሶ ውስጥ ናቸው፤ የምጽፈው ግን በቀኜ ስለሆነ ለዚህ ደብዳቤ የሚያንሰኝ ነገር የለም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከድሮው የእህል መጋዘን አጠገብ አሥራ አንድ የወተት ላሞች የማረባው ሴትዮ ነኝ። ባሌ ካረፈ ወዲህ ሥራውን የያዝነው እኔና ዋርሳዬ፣ የባሌ ወንድም፣ ነን። ዋርሳዬን ሰፈሩ «ድዳው» ይለዋል። ድዳ ሆኖ አይደለም፤ በቀን ከአምስት ቃል በላይ ስለማይወጣው ነው፤ አምስቱንም የሚያወጣው ለላሞቹ ነው። ለእርስዎ በግል አራት ደብዳቤ ጽፌ አራቱም መልስ ስላላገኙ፣ ጥፋቱ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ይሆናል ብዬ ይህን አምስተኛውን በኮምፒውተር አስጽፌ በገበያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። እርስዎ ጊዜ ካጡ፣ ያነበበ ሰው ይነግርዎታል።

አንደኛ፣ ስለ ጥላው።

እንደሚያውቁት ዘንድሮ በጋው ከፋ። ባለፈው ወር መጀመሪያ ላይ ዳልቻ የምንላትን ላማችንን፣ ምላሷ ወጥቶ፣ ለሃጯ መሬት ድረስ ተዘርግቶ፣ ጎኗ እንደ ወናፍ እየተነሣ እየወደቀ አገኘናት። የእንስሳት ሐኪሟን ጠራን። በሞተር ብስክሌቷ መጥታ፣ የሙቀት መለኪያዋን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እህቴ፣ ላም እንደ እኔና እንዳንቺ ሙቀቱ በላብ አይወጣላትም። ብዙውን ሙቀት የምታስወጣው በትንፋሿ ነው። ይቺ እኮ ከውስጥ እየተቀቀለች ነው» አለችኝ።

ከዚያ ምን ማድረግ እንዳለብን ነገረችን። ነፋስ የሚያሳልፍ ጥላ፤ ቀኑን ሙሉ ከፊታቸው የማይጠፋ ውሃ፤ መኖ ጧት ቀኑ ገና ሳይሞቅና ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፤ ቀትር ላይ መንዳት የለም፤ ጀርባና እግራቸው ላይ ውሃ ማርከፍከፍ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በምንም ምክንያት አየር የሌለበት ቤት ውስጥ እንዳይታጎሩ። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ነው ያለችው።

ድዳው በማግሥቱ አሥራ ሁለት ምሰሶ ተከለ፤ አረንጓዴ የጥላ መረብ ወጠረበት፤ ሚስማር በእሳት አግሎ ረጅም ጎማ በሳሳና በላሞቹ ራስ ላይ አንጠለጠለው። ቧንቧውን ስንከፍተው እንደ ካፊያ ወረደ። ዳልቻ ዓይኗን ጨፍና ከሥሩ ቆመች። በአራተኛው ቀን ሁሉም ተኝተው ሲያመሰኩ አየሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን እፎይ ያልኩበት አልነበረም። ይህን የምነግርዎ የቱን እንዳፈረሱ በትክክል እንዲያውቁት ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ።

የጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ የደረሰን ሰኞ ነው። ሐሙስ ዕለት ትልልቅ እንግዶች በዋናው መንገድ ስለሚያልፉ፣ «የመንገድ ዳር ገጽታን የሚያጎድፈው ሕገ ወጥ ግንባታ» በሦስት ቀን ውስጥ እንዲነሣ ይላል። ሰው እንደሚለው መንግሥት ሥራው ይጓተታል፤ እርስዎ ግን ይህን ሐሜት ሐሰት አደረጉት። ሦስቱን ቀን ለእኛ ሰጥተው፣ ለራስዎ አንድ ቀን በቃዎት። ማክሰኞ በቀትር ስምንት ሰዎች በፒክአፕ መጡ። መሪያቸው ሰፈሩ ሁሉ «አለንጋ» የሚለው፣ እሱም ሲሉት ደስ የሚለው፣ ረጅሙ ሰውዬ ነው።

ላሞቹን ላውጣ ብዬ ለመንኩ። አለንጋ «ይወጣሉ፣ ሲወድቅባቸው ይወጣሉ» አለና ምሰሶዎቹን በመጥረቢያ ከሥር አስመታቸው። ጥላው ከነመረቡ ላሞቹ ላይ ወረደ። ቦራ፣ ግንባሯ ነጭ የሆነው፣ ቀንዶቿ ተተብትበው መረቡን እየጎተተች ስትዞር፣ ከሰዎችዎ አንዱ ፈራና በዱላው ፊቷን መታት። አንድ ጊዜ ቢሆን በድንጋጤ ነው እል ነበር። አራት ጊዜ ነው። በሦስተኛው የግራ ዓይኗ ፈሰሰ። አራተኛውን ለምን እንደመታት እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ምናልባት ደንቡ ላይ ተጽፎ ይሆናል። ሌሎቹ አጥሩን ጥሰው ወጥተው፣ አንዷ በእሾሃማ ሽቦ ጡቷን ተተለተለች። ወተትና ደም ተቀላቅሎ መሬት ላይ ሲፈስ አይቼ አላውቅም ነበር። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ውሃው።

ጎማውን ሦስት ቦታ ቆረጡት፤ የቧንቧውን መክፈቻ ነቅለው ወሰዱት። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ውሃው የመንገዱን ዳር ያጨቀያል ተባልኩ። ይህን በአጭሩ አልፈዋለሁ። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ማዶ ካለው ጋራዥ በጀሪካን ስናመላልስ ዋልን። ጋራዡ ያለው መካኒክ፣ እግዜር ይስጠው፣ ሥራውን ትቶ ከእኛ ጋር ተሸከመ። ላም በዚህ ሙቀት በቀን መቶ ሊትር ትጠጣለች። እንግዲህ በአሥራ አንድ አባዙት፤ እኛ ሦስት ነን።

አራተኛ፣ ስለ መጋዘኑ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ እንዲቀመጡ እለምናለሁ።

ሐሙስ ከጧቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሰዎችዎ ተመልሰው መጡ። ለካ ከእንግዶቹ ዓይን የሚጋረደው ጥላው ብቻ አይደለም፤ ላሞቹም ናቸው። አሥራ አንዱን እየደበደቡ ወደ ድሮው የእህል መጋዘን ነዱአቸው። መጋዘኑን አያውቁት ይሆናል፤ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮት የሌለው፣ ያለው አንድ የብረት በር ነው። ሐኪሟ ሁለት ጊዜ ያለችውን ነገር ለአለንጋ ነገርኩት። እሱም፣ ሐቁን ልናገርና፣ ትንሽ አመነታ። ደወለልዎት። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር እኔም፣ ድዳውም፣ መካኒኩም ሰማንዎ።

«እንግዶቹ እስኪያልፉ ነው፣ ሁለት ሰዓት ቢቆዩ ምን ይሆናሉ? ላሞች ናቸው እንጂ አይስክሬም አይደሉ፣ አይቀልጡም። ቆልፍ» አሉት።

አለንጋ ሰንሰለቱን አዙሮ ቆለፈ።

ስለ አይስክሬሙ እርስዎ ልክ ነበሩ፤ አይስክሬም ሲቀልጥ አይጮኽም። እነሱ ጮኹ። በመጀመሪያ የምናውቀው ጩኸት ነበር፤ ጥጃ ሲነጠቁ፣ መኖ ሲዘገይ የሚያሰሙት። አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ላም ከዚህ በፊት ስታሰማው ሰምቼ የማላውቀው ድምፅ ሆነ። ከዚያ ቆርቆሮውን ይረግጡት ጀመር። አንዱ ቦታ ተቀድዶ ሰኮና ወጣ፤ ሊመለስ ሲል ቆርቆሮው ያዘውና እስከ አጥንቱ ገፈፈው። ሰኮናው እዚያው ቀዳዳ ላይ እየተንቀጠቀጠ ቀረ።

እንግዶቹ በስድስት ሰዓት ያልፋሉ ተብሎ ነበር፤ አላለፉም። በሰባትም አላለፉም። እኔ አለንጋ እግር ላይ ወደቅሁ፤ ይህን መጻፍ አያሳፍረኝም። እሱ በተራው ለእርስዎ ደወለ፤ ስልክዎ ይጠራል፣ አይነሣም። ምሳ ሰዓት ስለሆነ አልፈርድብዎትም።

ያኔ ነው ድዳው ከአምስት ቃሉ ያለፈው።

«ክፈቱ» አለ። «ከብት ናቸው፣ አፍ የላቸውም። አፍ ያለኝ እኔ ነኝ፣ እኔ ልናገርላቸው። ክፈቱልኝ።»

ከጠባቂዎቹ አንዱ፣ ቦራን የመታው ያው ሰው፣ አፍ ያለው እሱ መሆኑን ሲሰማ አፉን መታው። ሁለት ጥርሱ ከደም ጋር ወጣ። ድዳው ጥርሱን መሬት ላይ አየ፤ ፍግ የምንዝቅበትን አካፋ አነሣና የሰውዬውን ክንድ መታ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት፤ አልክድም። ክስዎ ላይ የተጻፈው ይህ ብቻ ስለሆነ፣ እውነት መሆኑን በአደባባይ አረጋግጥልዎታለሁ። ያልተጻፈውን ግን ልጨምርበት። አምስቱ ወረዱበት። ጎኑን፣ ራሱን፣ ከወደቀ በኋላ ደግሞ አንገቱን ረገጡት። አንዱ የትከሻውን አጥንት ዘሎ ቆመበትና ሰበረው። ሲጨርሱ፣ ላሞቹን የምናቀዘቅዝበት ጎማ ቁራጭ አንሥተው ከመብራት እንጨት ጋር አሰሩት። እኔ መጥረቢያ አንሥቼ ወደ ሰንሰለቱ ሮጥኩ። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ጎትተው ጣሉኝና መጥረቢያውን አልለቅም ስል እጄን በቡትስ ጫማ ረገጡት። ሦስቱ ጣቶቼ እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው የተሰበሩት።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ልከፋፍለው ሞክሬ እምቢ አለኝ። ይቅርታዎን እየጠየቅሁ እንደሆነው እነግርዎታለሁ።

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከመጋዘኑ ድምፅ ጠፋ። ቀኑን ሙሉ ዝም በሉ፣ ጩኸታችሁ ገደለኝ ስል ውዬ፣ ዝም ሲሉ ደግሞ እባካችሁ ጩኹ እል ጀመር። ዱላ የያዙት ሰዎች ሳይቀሩ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አለንጋ ሄዶ መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈ፤ ወዲያው አነሣው፤ ብረቱ አቃጥሎት ነበር። መዳፉን እያየ ቆመ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አንድ ጊዜ ደወለልዎት። አልተነሣም። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«አለቃ፣ አልታዘዝንም እኮ» አለው አንዱ።

«ዝም በል» አለው፤ ከፈተም።

በሩ ሲከፈት የወጣው ሙቀት ከምድጃ የሚወጣ ዓይነት ነበር፤ የሽንት፣ የፍግና የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ይዞ። ከዚያ በእግራቸው የቆሙት በሙሉ በአንድነት ወጡ። አለንጋ ለመዝለል ጊዜ አላገኘም። አንዷ በደረቷ ጣለችው፤ የቀሩት በላዩ አለፉ። ሲረግጡት የሚሰማው ድምፅ እርጥብ ድምፅ ነው። ማንም ከሰዎችዎ አልተጠጋም። እኔ ነኝ በአንድ እጄ የሸሚዙን አንገት ይዤ ከሰኮና ሥር የጎተትኩት። ለምን እንደጎተትኩት አይጠይቁኝ፤ እኔም አላውቅም።

መካኒኩ በዚያች ሰዓት አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ ደረሰ። አንድ ብቻ። ዳልቻ የበሩ ደፍ ላይ ወድቃለች፣ ምላሷ ሰማያዊ ሆኗል፣ ግን ትተነፍሳለች። አለንጋ ከጎኗ ተንጋሏል፣ ከአፉ ደም ይወጣል። «ውሃ» አለኝ። «በእናትሽ፣ ውሃ።»

ክቡር ሆይ፣ ደግ ሴት ናት ተብዬ መቀበርን ማን ይጠላል? ግን ውሃውን የዳልቻ አንገትና እግር ላይ አፈሰስኩት። እሱ ያያል። እሷ ዱላ ይዛ አልመጣችብኝም። ጀሪካኑ ሥር የቀረችውን ጉንጭ ነው ለእሱ ያጠጣሁት። ዳልቻ ውሃው እየወረደባት ሞተች። እሱ በዚያች ጉንጭ ውሃ ዳነ። በሰው እጅ ያለ ፍርድ እንዲህ ነው።

ውስጥ ገባሁ። ሦስቱ ሞተዋል፤ አንዷ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች፣ ጽንሱ ግማሹ ወጥቶ ነበር። እግሯ ቆርቆሮው ላይ የቀረው፣ ቡሬ የምንላት ላም፣ ግን በሕይወት አለች። ሐኪሟ ደርሳ ነበርና እግሩን አይታ ራሷን ነቀነቀች። ያለ ሥቃይ የሚያሳርፋት መድኃኒት እንደሌላት፣ እንዳላሰቃያት ነገረችኝ። ድዳውን የታሰረበትን ጎማ በቢላዋ ቆርጬ ፈታሁት። በደህነኛው ክንዱ የቡሬን ራስ አቀፈ፤ ጆሮዋ ሥር አፉን አስጠግቶ የዕለቱን ቃል ነገራት። ምን እንዳላት አልሰማሁም። እኔ በያዝኩት ቢላዋ፣ በአንድ እጄ፣ አረድኳት። አንድ እጅ አይበቃም ነበር፤ ሁለት ጊዜ መሳብ ነበረብኝ። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ፤ ከዚያን ቀን ሙቀት ሁሉ የሚሞቀው እሱ ነበር።

እንግዶችዎ አሥር ሰዓት ላይ አለፉ። መካኒኩና ጎረቤቱ ከመጋዘኑ ጎትተው ያወጡት አምስት ሬሳ መንገዱ ዳር ተጋድሟል። መኪኖቹ መስታወታቸው ጥቁር ነው፣ ፍጥነታቸውንም አልቀነሱም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሪፖርትዎን አንብቤዋለሁ። ላሞቹ የሞቱት «በባለቤቷ የአያያዝ ጉድለት» እንደሆነ፣ ድዳው ደግሞ «ያለ ምንም ምክንያት» የሥራ ባልደረባዎን እንደደበደበ ይላል። እውነትም የአያያዝ ጉድለት አለብኝ። መጥረቢያውን በደንብ ይዤው ቢሆን ኖሮ አምስቱ በሕይወት ይኖሩ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከጽሕፈት ቤትዎ ባለቀለም በራሪ ጽሑፍ ተላከልኝ፤ ርእሱ «በበጋ ሙቀት የወተት ላሞች አያያዝ» ይላል። ጥላ ሥሩላቸው ይላል። ውሃ አይጉደልባቸው ይላል። ከኋላው የእርስዎ ፎቶግራፍ አለበት፣ ሱፍ ለብሰው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ይህ ግን አዲስ ነገር ነው፤ እዚህ የጮኸው ጅቡ ራሱ ነው።

ድዳው ከሆስፒታል አልጋው ላይ ተይዞ አሥራ ስድስት ቀን ታሰረ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን የተፈታው በእኔ ጩኸት አይደለም። አምስት የጎን አጥንቱ የተሰበረው አለንጋ፣ መርማሪው ቃሉን ሊቀበል ሲመጣ፣ ከእርስዎ ቢሮ የተጻፈለትን ወረቀት አልፈርምም አለ። በራሱ አፍ ተናገረ። ማን ቆልፍ እንዳለው፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ ደውሎ እንዳልተነሣ፣ ድዳውን መጀመሪያ ማን እንደመታው። መካኒኩም እንዲሁ አለ፣ ሐኪሟም የሬሳዎቹን ምርመራ ጽፋ ሰጠች። አለንጋ ከሥራው እንደተባረረ ሰምቻለሁ። እንዴት ያለ ፍጥነት ነው፣ አሁንም አንድ ቀን አልፈጀብዎትም።

ባለፈው እሑድ አለንጋ በምርኩዝ እየተደገፈ አጥራችን ድረስ መጣ። እኔና ድዳው በሁለት ደህና እጅ አዲስ ምሰሶ እየተከልን ነበር። ድዳው ቀና ብሎ አየው፤ ጥርሱ በሌለበት አፉ «ያዝ» አለው። ገመዱን ያዘ። ይቅርታ አድርጌለት አይደለም፤ አላደረግሁም፣ እሱም አልጠየቀኝ። ግን መረቡ ያለ ሦስተኛ ሰው አይወጠርም። ዓይኗ የጠፋው ቦራ ድምፁን ስትሰማ ተንቀጥቅጣ ወደ ጥግ ሸሸች። አያት። ጠጥቶት የማያውቀውን ነገር የጠጣ ሰው ይመስል ፊቱ ተጣመመ፤ ገመዱን ግን አልለቀቀም።

ጥላው ቆሟል። ካሰቡ፣ ይምጡና ያፍርሱት። በዚህ ጊዜ ምሰሶዎቹ በሲሚንቶ ናቸው፤ ጎረቤቱም ሁሉ ቀትር ላይ መጥቶ ከሥሩ መቀመጥ ለምዷል፤ ምሰሶ ሲቆረጥ የሚወርደው በስድስት ላም ላይ ብቻ አይሆንም። የቧንቧችንን መክፈቻ ሠራተኛ ልከው ቢመልሱልን ግን ደስ ይለኛል፤ እርስዎን የመሰለ ሰው በእንዲህ ያለ ትንሽ ብረት ኪሱ መቀደድ የለበትም።

ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ ከቀዝቃዛው አየር ሳይለዩ፣ ስልክዎ በጠራ ቁጥር በሌላ ሥራ እንደተጠመዱ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ የምመኝልዎ፣ ከአሥራ አንድ ስድስት የቀሩልኝ፣ ለከተማው ገጽታ ደም የገበርኩ፣ ታዛዥ ያልሆንኩ የዚሁ መንገድ ዳር ነዋሪ፣

የላሞቹ ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በላሞቹ ሞት የተከሰሱበት የፍርድ ቤት መጥሪያ ትናንት እንደደረሰዎት ጸሐፊዎ ለመካኒኩ ነግራዋለች። ችሎቱ የፊታችን ማክሰኞ በስድስት ሰዓት ነው። የችሎቱን ቤት ሄጄ አይቼልዎታለሁ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ መስኮቱ ተጣብቆ አይከፈትም፣ ሰውም ይበዛል። ቀለል ያለ ልብስ ይልበሱ፣ ውሃም ይያዙ። አይጨነቁ፣ በሩን ከውጭ የሚቆልፍብዎት የለም።